በጠመኔ የተሣለው ቧንቧ

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1974። በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ፍሊክስቦሮ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ለናይለን ክር የሚሆን ጥሬ ኬሚካል ያመርት የነበረ ፋብሪካ ከሰዓት በኋላ ፈነዳ። 28 ሰዎች ሞቱ። የሥራ ቀን ሆኖ ቢሮዎቹ በሰው ተሞልተው ቢሆን ኖሮ የሟቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ በበለጠ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ከሁለት ወር በፊት ነው። ፋብሪካው በተርታ የቆሙ 6 ትልልቅ ሪአክተሮች ነበሩት። ሳይክሎሄክሴን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየፈሰሰ ያልፋል። በማርች መጨረሻ 5ኛው ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ምርት እንዳይቆም ተብሎ 5ኛው ተነቀለና 4ኛውን ከ6ኛው የሚያገናኝ ጊዜያዊ ቧንቧ ተበየደ። የምርመራ ጉባኤው በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ለዚያ ቧንቧ የተሠራው ንድፍ በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለ ብቻ ነበር። በውስጡ ያለው ግፊት ቧንቧውን ወዴት እንደሚያጣምመው ያሰላ ሰው አልነበረም። ይህን መጠየቅ የነበረበት የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ቦታም በዚያ ሰሞን ክፍት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሁለት ወሩ ተፈታ።

እኔ የኬሚካል መሐንዲስ አይደለሁም፤ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ይህን ታሪክ የማነሣው አንድ የቆየ የሶፍትዌር ጥያቄ ስለሚያስረዳልኝ ነው፦ አንድ ፋብሪካ ከመፈንዳቱ በፊት በየት በኩል ሊፈነዳ እንደሚችል ኮምፒውተር ሊነግረን ይችላል? ጥያቄው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን የወለደው ይመስላል እንጂ ሙከራው ወደ 50 ዓመት ሊሞላው ነው። መጪው ጊዜ ደግሞ ጉዳዩን ወደ እኛም አገር እያመጣው ነው።

ሦስት ሰዎች፣ አራት ወር

ከፍሊክስቦሮ 11 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኬሚካል ኩባንያ ፌኖል የሚያመርት አዲስ ፋብሪካ ይነድፍ ነበር። በኩባንያው ውስጥ ለረጅም ዓመታት የደኅንነት አማካሪ የነበረው ትሬቨር ክሌትዝ እንደተረከው፣ ሦስት ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአራት ወር ያህል ተቀምጠው ንድፉን ቧንቧ በቧንቧ መረመሩት። ከዚያ ስብሰባ የወጣው ዘዴ በኋላ ሀዞፕ ተባለ። የዚያው ኩባንያ ባልደረባ ሎሊ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በዚያው በፍሊክስቦሮ ዓመት፣ ዘዴውን ጽፎ ለዓለም አሳወቀ።

ዘዴው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የቤታችንን ሮቶ ይዘን እንሞክረው። ከታች የግቢ ታንከር አለ፣ ከላይ ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ መሐላቸው ፓምፕና ቧንቧ። ሮቶው ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ኳስ ከፍ ብላ ውኃውን ትዘጋለች። ታዲያ ቡድኑ ያንን ቧንቧ ይይዝና ጥቂት ቃላትን በተራ ይጭንበታል። «የለም»፦ ፍሰት ቢጠፋስ? ለምን ይጠፋል? ታንከሩ ደርቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቫልቭ ተዘግቶ። ምን ይከተላል? ቤቱ ውኃ ያጣል፤ ፓምፑ በደረቁ ከዞረ ደግሞ ይቃጠላል። ምን መከላከያ አለ? «በዛ»፦ ኳሷ ብትጣበቅስ? ውኃው ሞልቶ ጣሪያ ላይ ይፈስሳል። «ተገለበጠ»፦ ፓምፑ ሲቆም ውኃው ወደ ታች ቢመለስስ? «ሌላም ነገር አብሮ»፦ ከውኃው ጋር ደለል ቢመጣስ?

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቧንቧ ታልፋላችሁ። እንደገና የለም፣ በዛ፣ አነሰ፣ ተገለበጠ። ፍሰቱን ስትጨርሱ ሙቀት፤ ሙቀቱን ስትጨርሱ ግፊት። የእኛ ሮቶ አንድ ቧንቧ ነው ያለው። ትልቅ ፋብሪካ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቧንቧ ስላለው፣ አምስትና ስድስት ባለሙያዎች ለሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ይህንኑ ይደጋግማሉ። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይከብዳል፣ «ይሄኛውም እንደ ቅድሙ ነው» ማለት ይጀመራል። የሚገድለው ጥያቄ ደግሞ በዚያ ሰዓት የታለፈው ሊሆን ይችላል።

ተደጋጋሚና አሰልቺ ሥራ፣ ግልጽ ሕግ ያለው። ፕሮግራመር ይህን ሰምቶ እጁ አርፎ አይቀመጥም።

የመደመርና የመቀነስ ቀስት

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ላፕ እና ጌሪ ፓወርስ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። «ይህ አደጋ በስንት መንገድ ሊመጣ ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ እየተከተለ፣ የብልሽቶችን ዛፍ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር ያቀረቡት። ለምሳሌ የወሰዱት ትኩስ ናይትሪክ አሲድ በውኃ የሚቀዘቅዝበትን መስመር ነው። ናይትሪክ አሲድ ማዳበሪያ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ መሆኑን ያዙልኝ፤ ወደ ማዳበሪያ እንመለሳለን።

አሠራሩን በሮቶው እንየው። እያንዳንዱ የሚለወጥ ነገር (የፓምፑ ፍጥነት፣ ፍሰቱ፣ የውኃው ከፍታ፣ የኳሷ ቦታ) አንድ ነጥብ ይሆናል። ነጥቦቹን ቀስት ያገናኛቸዋል፤ ቀስቱ ላይ ምልክት ይጻፋል። ፍሰት ሲጨምር ከፍታ ይጨምራል፦ መደመር። ኳሷ ከፍ ስትል ፍሰት ይቀንሳል፦ መቀነስ። ኳሷ ከተጣበቀች ይህ የመጨረሻው ቀስት ይቆረጣል። «ውኃው ሞልቶ ፈሰሰ» ከሚለው ነጥብ ተነሥታችሁ ቀስቶቹን ወደ ኋላ ብትከተሉ ምክንያቶቹ ሁሉ በየተራ ይመጣሉ። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግራፍ ላይ የሚደረግ ፍለጋ ነው። ኮምፒውተሩ አይደክመውም፣ ከሰዓት በኋላ አያንቀላፋም፣ «እንደ ቅድሙ ነው» አይልም።

ችግሩ ግን ወዲያው ብቅ አለ። ከፍታው ኳሷን፣ ኳሷ ፍሰቱን፣ ፍሰቱ መልሶ ከፍታውን ይነካል፤ ክብ ነው። ክቡ ጤነኛ ሲሆን ስሕተትን ያርማል፤ ሲበላሽ ደግሞ ራሱ የስሕተት ምንጭ ይሆናል። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች የላፕና የፓወርስ ፕሮግራም ይህን ስላስተናገደበት መንገድ ጥያቄ አነሡ፤ ደራሲዎቹም እ.ኤ.አ. በ1979 የተሻሻለ ዘዴ አወጡ። አንዲት የማቀዝቀዣ መስመር ላይ ይህን ያህል ክርክር ከተነሣ፣ ሙሉ ፋብሪካ ምን ሊሆን ነው?

መጽሐፉና መሸጋገሪያው

ቀጣዩ ትልቅ ሙከራ የመጣው «ኤክስፐርት ሲስተም» በሚባለው ዘመን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ፓርማር እና ፍራንክ ሊስ እ.ኤ.አ. በ1987 ብልሽት ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እንዴት እንደሚተላለፍ በሕግ መልክ ጻፉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቬንካት ቬንካታሱብራማኒያን እና ራመሽ ቫይድያናታን «ሀዞፕ ኤክስፐርት» የተባለውን ሠሩ።

የእነዚህ ሁለቱ ብልኃት ለኮድ ጸሐፊ በጣም ደስ ይላል። እውቀቱን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው የትም ፋብሪካ ቢሄዱ የማይለወጠው ነው፦ ፓምፕ ሲቆም ፍሰት ይጠፋል፣ የተዘጋ ዕቃ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ይህ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ለዘላለም ያገለግላል። ሁለተኛው የዚያ ፋብሪካ ብቻ የሆነው ነው፦ በዚህ ቧንቧ የሚሄደው ምንድን ነው? መርዝ ነው? ከውኃ ጋር ይጣላል? ይህን ተጠቃሚው ይሞላዋል። ንድፉን ትሰጡታላችሁ፤ ፕሮግራሙ ቧንቧ በቧንቧ እየሄደ ምክንያትና ውጤቱን በሰንጠረዥ ያወጣላችኋል።

ሠራ ወይስ አልሠራም? ሠርቷል። ቡድኑ የሚደጋግመውን አብዛኛውን ተራ ነገር ያገኝ ነበር። ግን ቁጥር ስለሌለው፣ አንዱ ቀስት «ይጨምራል» ሌላው «ይቀንሳል» ሲለው የትኛው እንደሚያሸንፍ ሊያውቅ አይችልም፤ ሁለቱንም ይጽፋል። ስለዚህ ሊሆን የሚችለውም የማይችለውም አንድ ላይ ይከመራል። እውነተኛው አደጋ ከመቶ የማይሆን አደጋ መሐል ተደብቆ ይቀመጣል። ያም ሆኖ ይህ የምሕንድስና ችግር ነው፤ ቁጥር እየተጨመረ፣ ማጣሪያ እየተሻሻለ ሊቀንስ ይችላል። ዛሬ ደግሞ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ገብተዋል፤ ንድፍና መግለጫ ስትሰጧቸው ሰው የጻፈው የሚመስል የሀዞፕ ሰንጠረዥ ያወጣሉ።

የማይቀንስ ሌላ ችግር ግን አለ። ከ1977 እስከ ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያነብቡት ወረቀትን ነው፤ ፋብሪካውን አይደለም። በፍሊክስቦሮ ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለውን ቧንቧ የትኛውም ፕሮግራም ሊያነብበው አይችልም ነበር። ፋይሉ ውስጥ 5ኛው ሪአክተር እንደቆመ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ይህ ክፍተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቦፓል ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2 ለ3 ቀን 1984 አጥቢያ ሌሊት፣ በሕንድ ቦፓል ከተማ ከነበረው የዩኒየን ካርባይድ የተባይ ማጥፊያ ፋብሪካ ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለ መርዝ ወደ 40 ቶን ገደማ ወጣ። ውኃ ወደ ማጠራቀሚያው ገብቶ ነበር፤ ኬሚካሉ ደግሞ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይጋላል። በዚያ ሌሊትና በቀጣዮቹ ቀናት ብቻ የሞተው ከ2,000 በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሞተው በብዙ ሺህ ይቆጠራል።

አሁን ወረቀቱን እንየው። በወረቀቱ ላይ ማጠራቀሚያውን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አለ። የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያጥብ ክፍል አለ። የተረፈውን የሚያቃጥል ማማ አለ። አንድ ፕሮግራም ይህን ንድፍ ቢያነብ «ሙቀት በዛ» በሚለው ረድፍ ላይ መከላከያዎቹን ሁሉ ይዘረዝርና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያልፋል። በዚያ ሌሊት ግን ማቀዝቀዣው ከጠፋ ወራት አልፎት ነበር። የጋዝ ማጠቢያው ተጠባባቂ ተብሎ ቆሟል። ወደ ማማው የሚወስደው ቧንቧ አንዱ ክፍል ለጥገና ተነቅሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህን ያውቅ የነበረው ማን ነው? የማታ ተረኛው። ቧንቧው መነቀሉን በዓይኑ ያያል፤ ማቀዝቀዣው መዘጋቱን በጆሮው ይሰማል፤ ድሮ የሚያጉረመርም ነገር ዛሬ ዝም ብሏል። የእሱ እውቀት የተጻፈበት ፋይል የለም።

ወደ ሮቶው ልመልሳችሁ። ንድፉ «ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ኳስ» ይላል። የግቢው ዘበኛ ግን ኳሷ ከተበላሸች ቆየት እንዳለች፣ ውኃው ሲሞላ በጆሮው ሰምቶ እሱ ራሱ ቫልቩን እንደሚዘጋ ያውቃል። እንግዲህ የዚያ ግቢ መከላከያ የዘበኛው ጆሮ ነው ማለት ነው። ዘበኛው ለበዓል አገሩ የገባ ዕለት መከላከያ የለም። ይህን የሚነግራችሁ ዘበኛው ነው፤ እሱም ከጠየቃችሁት ብቻ።

አራት ሴኮንድ

የፋብሪካ አደጋ ሩቅ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ የወረቀትና የእውነታ ክፍተት እኛንም ቤታችን ድረስ መጥቶ ነክቶናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ በረራ ቁጥር 302፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157ቱም ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቋል።

አውሮፕላን ፋብሪካ አይደለም፤ የአደጋ ትንተናው ግን ከዚያው ቤተሰብ ነው፦ ይህ ክፍል ቢሳሳት ምን ይከተላል፣ ምን ይከላከለዋል? ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ከአንድ ዳሳሽ ብቻ መረጃ ይወስድ ነበር። ዳሳሹ ሲሳሳት ሶፍትዌሩ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፍቃል። በትንተናው ወረቀት ላይ መከላከያው ማን ነበር? አብራሪው። በ4 ሴኮንድ ውስጥ ለይቶ ምላሽ ይሰጣል ተብሎ ታሰበ። የአሜሪካ ኮንግረስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ ከቦይንግ የራሱ የሙከራ አብራሪዎች አንዱ በማስመሰያ ላይ ነገሩን ለይቶ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሴኮንድ በላይ ወስዶበት ነበር። መረጃው ኩባንያው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ ግን 4 ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ የስሌት ስሕተት አልነበረም። ኮምፒውተር ቢያሰላውም 4 ብላችሁ ካስገባችሁት በ4 ነው የሚያሰላላችሁ።

ከጎዴ እስከ ሀቢቾ

በሐድያ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ዩሪያን በደንብ ያውቃል። በሀቢቾም ሆነ በሆሳዕና ዙሪያ ክረምት ሲቃረብ ጥያቄው አንድ ነው፦ መጣ ወይ? ስንት ገባ? ያ ነጭ ከረጢት የት ተሠርቶ እንደመጣ የሚጠይቅ ብዙ የለም፤ ሁሌም ከባሕር ማዶ ነዋ የሚመጣው።

ይህ ሊለወጥ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረመ። የተነገረው ወጪ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የታሰበው ምርት በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው። ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የእኛ። እውነቱን ለመናገር ዜናውን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አሞኒያ ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት የሚሠራ፣ ካመለጠ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ለእንዲህ ያለ ፋብሪካ የአደጋ ትንተና ወረቀት ማሟያ ተደርጎ አይታለፍም። እኛ ለዚህ ዓይነት ሥራ ፈጽሞ እንግዳ አይደለንም፤ በሆላንዶች የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በሶቪየት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምረዋል። ያኔም ንድፉ ከውጭ መጣ፤ ማሽኑን ሌት ተቀን የጠበቀው ግን የአገሬው ሰው ነው።

እንግዲህ ሶፍትዌር የት ይግባ? በእኔ እይታ በሦስት ቦታ በደንብ ይግባ፣ በአንዱ ግን አይግባ።

አንደኛ፣ ተደጋጋሚውን ይሥራ። «የለም፣ በዛ፣ አነሰ» እያለ ሺህ ረድፍ መሙላት የፕሮግራም ሥራ ነው። የሰው ዓይን ለከባዱ ጥያቄ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ለውጥ በመጣ ቁጥር እንደገና ይሩጥ። የአሜሪካ ሕግ የአደጋ ትንተና ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲታደስ ያዝዛል። 5 ዓመት ረጅም ነው፤ ፍሊክስቦሮ ከለውጡ እስከ ፍንዳታው የቆየው ሁለት ወር ብቻ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ መስመር ስንቀይር ፈተናው ሁሉ እንደ አዲስ ይሮጣል። አንድ ቧንቧ ሲቀየርም እንዲሁ ይሁን። ይህ ግን የሚሆነው ለውጡ ፋይሉ ውስጥ ከገባ ነው።

ሦስተኛ፣ «መከላከያ አለ» ከሚለው ጎን «ዛሬ ይሠራል?» የሚል ዓምድ ይኑር፤ ከጥገና መዝገቡ ጋር ይገናኝ። በቦፓል ይህ ዓምድ ቢኖርና በሐቀኝነት ቢሞላ ሦስቱም ቀይ ሆነው ይታዩ ነበር።

የማይገባበት ቦታ የተረኛው ወንበር ነው። ርካሽ ፕሮግራም ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና «ስብሰባው ይቅር፣ ማሽኑ ይጨርሰዋል» የሚል ነው። የሚቀረው ስብሰባ ግን ኦፕሬተሩ «እሱ ቫልቭ እኮ ይጣበቃል፣ በመዶሻ መታ እያደረግን ነው የምንከፍተው» የሚልበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። አደጋውን በእጁ የሚዳስሰውን ሰው አለመጠየቅ ይህን ግዴታ ከግማሽ በታች መወጣት ነው።

ደግሞም መጥራት ብቻውን አይበቃም፤ በምን ቋንቋ እንደሚጠየቅም ይታሰብበት። ሀዞፕ የተወለደው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰንጠረዡም፣ ሞዴሎቹ የሠለጠኑበት ጽሑፍም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የጎዴው የማታ ተረኛ ሶማልኛ ይናገር ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው ከሆሳዕና የሄደ ልጅ ሐድይኛ፣ መሐላቸው አማርኛ። በእንግሊዝኛ ስብሰባ ላይ ሁለቱም አንገታቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ፤ ስለ መዶሻው የሚያወሩት ውጭ ሻይ ሲጠጡ ነው።

ለእኛ ትውልድ የቀረ የሶፍትዌር ሥራ ካለ እሱ ይመስለኛል። ቀስት የሚከተል ፕሮግራም አለ፤ ሌሎች ሠርተውታል። «የለም፣ በዛ፣ አነሰ፣ ተገለበጠ» ብሎ በሶማልኛና በሐድይኛ የሚጠይቅ፣ መልሱን ሰምቶ ረድፉ ላይ የሚያስቀምጥ፣ «መዶሻ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቆም ብሎ «መቼ ጀመረ?» የሚል ግን ገና አልተጻፈም። ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር ብንጽፈው ጥሩ ነው።